ዳገት ላይ የሚፈላው፣ ጠዋት የማይነሳው

ጥያቄ፦ ያለኝ መኪና አይሱዙ ኤን ፒ አር ነው። ሜዳ ላይ ምንም አይለውም። ብሎኬት ጭኜ ከአዲሱ ገበያ ወደ ሱሉልታ ስወጣ ግን የሙቀት ጌጁ ቀዩን ይነካል፤ በራዲያተሩ ክዳንም ውሃ ይገፋል። ጋራዥ «ቴርሞስታቱ ነው» ብለው አውጥተው ጣሉት፤ አልተሻለውም። አሁን ደግሞ ራዲያተሩ ይቀየር አሉኝ። ልቀይረው? (ከቡራዩ)

መልስ፦ አይቸኩሉ፤ መጀመሪያ ክዳኑን ይቀይሩ። አዲስ አበባ ላይ ውሃ የሚፈላው 92 ዲግሪ ገደማ ነው፤ እርስዎ የሚወጡት ዳገት ጫፍ ላይ ከዚያም ዝቅ ይላል። ጭነት የያዘ ሞተር ደግሞ ዳገት ላይ ከ92 ቢያልፍ ጤነኛ ነው። ውሃው እንዳይፈላ የሚያደርገው ክዳኑ የሚይዘው ግፊት ነው። 0.9 ባር የሚይዝ ክዳን በእኛ ከፍታም ቢሆን መፍያውን ከ110 በላይ ያደርሰዋል። ስፕሪንጉ ከላላ ወይም ጎማው ከተሰነጠቀ ግን ክፍት ድስት ሆነ ማለት ነው። አዲሱን ሲገዙ የባር ቁጥሩ ፋብሪካው ካዘዘው ጋር አንድ ይሁን፤ ከፍ ያለ መግጠም ያረጀ ማኒኮቶ (የውሃ ጎማ ቱቦ) ያፈነዳል።

ቴርሞስታቱም (ሞተሩ ሲሞቅ ተከፍቶ ውሃውን ወደ ራዲያተሩ የሚለቀው በር) ይመለስ። በብዙ የናፍጣ ሞተሮች ቴርሞስታቱ ሲከፈት የባይፓሱን መንገድ ይዘጋል። እሱ ከሌለ ከሙቁ ውሃ ከፊሉ ራዲያተሩ ጋ ሳይደርስ ተመልሶ ሞተር ውስጥ ይገባል፤ ስለዚህ ማውጣቱ ሙቀቱን ሊያባብሰው ይችላል። በድስት አፍልቶ መፈተሽ ጥሩ ነው፤ እዚህ ከተማ ግን ብዙዎችን ያሳስታል። 82 የተጻፈበት ቴርሞስታት 82 ላይ መከፈት ይጀምራል፤ አፉን ሙሉ በሙሉ የሚከፍተው 95 አካባቢ ነው። ድስቱ 92 ላይ ስለሚፈላ እዚያ ድረስ አይደርስም። በዚህ የተነሳ ስንት ደህና ቴርሞስታት ይጣላል! መከፈት መጀመሩን ካዩ ይበቃል።

ክዳኑ ተቀይሮም ከሞቀ የራዲያተሩን ክንፎች በባትሪ መብራት ይዩ። የአሸዋና የገለባ አቧራ ፊት ለፊት ሳይሆን በራዲያተሩና በፊቱ ባለው ኢንተርኩለር (ወደ ሞተሩ የሚገባውን አየር ማቀዝቀዣ) መካከል ነው የሚከማቸው። ከሞተሩ በኩል ወደ ውጭ፣ በቀስታ በሚወርድ ውሃ ይጠቡት፤ ኃይለኛ ግፊት ክንፎቹን ያጥፋል። ሞተሩ ሞቆ ከጠፋ በኋላ ፋኑን በእጅ ያዙሩት። መክበድ አለበት፤ ተለቆ ብዙ ዙር ከዞረ የፋኑ ክላች ሞቷል። ቺንጊያው መሃሉን በአውራ ጣት ሲጫኑት ከ10 ሚሊ ሜትር ብዙ መርገብ የለበትም።

የሚያሰጋው የቴስታታ ጓርኒሲዮን (በሞተሩ ራስና በብሎኩ መካከል ያለው ማሸጊያ) ነው። ሞተሩ አድሮ ገና ቀዝቃዛ ሳለ ክዳኑን ከፍተው ያስነሱት፤ አረፋ ሳያቋርጥ ከወጣ የተቃጠለ ጋዝ ወደ ውሃው እየገባ ነውና ራዲያተር ቢቀይሩ ገንዘብዎን ነው የሚያባክኑት።

መንገድ ላይ ሲሞቅ ጥግ ይዘው ይቁሙ። ውሃው ካለና ቺንጊያው ካልተበጠሰ ሞተሩ ያለ ጭነት ይሥራ፤ ካልሆነ ወዲያው ያጥፉት። ክዳኑን ቢያንስ ግማሽ ሰዓት አይንኩ። በጋለ ሞተር ላይ ቀዝቃዛ ውሃ ማፍሰስ ቴስታታውን ያጣምማል፣ ይሰነጥቃልም። ዳገቱንም ከማስጨነቅ በፊት ማርሽ ቀንሰው ይውጡ፤ ዙሩ ሲጨምር ፋኑም የውሃ ፓምፑም ይፈጥናሉ።

ጥያቄ፦ ሰንዳፋ ነው የማድረው። ከኅዳር እስከ ጥር ጠዋት ጠዋት ሞተሪኖው ይዞራል፣ መኪናው ግን አይነሳም። ቀን ላይ በአንድ ይነሳል። (ከሰንዳፋ)

መልስ፦ ሲያዞሩ ሰው የጭስ ማውጫውን ይይልዎ። ነጭ ጭስ ከወጣ ናፍጣው ደርሷል፣ ሙቀት ነው ያነሰው፤ የማሞቂያ ካንዴላዎቹንና ሪሌያቸውን (የኤሌክትሪክ ማብሪያቸውን) ያስፈትሹ። ጭስ ከሌለ ናፍጣ አልደረሰም፤ ሌሊት አየር ስቧል። የፊልትሮውን ማስተንፈሻ ብሎን አላልተው በእጅ የሚገፋውን ፓምፕ አረፋው እስኪያልቅ ይጫኑ፣ ከዚያ ብሎኑን አጥብቀው ያስነሱ። በማግስቱ ከተደገመ ከታንከር እስከ ፊልትሮ ያለውን መስመር መገጣጠሚያ በመገጣጠሚያ ያስሱ። ሞተሪኖው የሚዞረው በዝግታ ከሆነ ደግሞ ሁለቱን ባትሪዎች ለየብቻ ይለኩ። አድሮ እያንዳንዱ 12.6 ቮልት ገደማ ማሳየት አለበት፤ ሲያዞሩ ከ9.6 በታች የሚወርደው ደክሟል። በአንድ ጊዜ ከ15 ሰከንድ በላይ አያዙሩ፤ ሞተሪኖው እንዳይቃጠል መሃል ላይ አንድ ደቂቃ ያሳርፉት።