ብቅ ጥልቅ የሚለው መብራት አልቆም ሲል

ሰሞኑን ከአንድ አንባቢ የደረሰኝ ጥያቄ ይኸው።

«ጤና ይስጥልኝ። መኪናዬ እ.ኤ.አ. የ1991 ማዝዳ ኤምኤክስ-5 ናት። የፊት መብራቶቿ ሲበሩ ከኮፈኑ ብቅ፣ ሲጠፉ ጥልቅ የሚሉ ዓይነት ናቸው። የቀኙ መጀመሪያ ከግራው እየዘገየ መነሳት ጀመረ። ቀጥሎ አንዳንዴ ግማሽ ላይ ይቆም ነበር። ባለፈው ሳምንት ደግሞ ዝናብ ሲወርድባት ካደረች በኋላ ላይና ታች እያለ አልቆም አለ። በመጨረሻ የባትሪውን ገመድ ፈትቼ አስቆምኩት። ያየው መካኒክ ‹መብራቱን የሚያነሳው ሞተር ሞቷል፣ ቀይረው› አለኝ። ምን ይመክሩኛል?»

ገና አይግዙ። የሞተ ሞተር አይንቀሳቀስም። የእርስዎ እየተንቀሳቀሰ ነው፤ የት እንደሚቆም ነው የጠፋው። ይህ ሌላ በሽታ ነው፣ ብዙ ጊዜም ተከፍቶ ሲጸዳ ይድናል።

መጀመሪያ ግን የዛሬ ማታውን እንፍታ። በአንድ መብራት በጨለማ እንዲነዱ አልፈልግም። በሞተር ክፍሉ ውስጥ ያለውን የፊውዝ ሳጥን ይክፈቱና ክዳኑ ላይ የመብራት ማንሻውን ፊውዝ ይፈልጉ። የአምፖሎቹ ፊውዝ ሌላ ነው፣ እሱን አይንኩ። የማንሻውን ይንቀሉት። ከዚያ በእያንዳንዱ መብራት ሞተር ላይ የጎማ ቆብ የለበሰች ትንሽ እጀታ ያገኛሉ። ቆቡን አውልቀው እጀታዋን ቀስቱ ወደሚያሳየው አቅጣጫ ያዙሯት። ብዙ ዙር ትፈልጋለች፣ ይታገሱ። መብራቱ ሙሉ በሙሉ ሲነሳ ያቁሙ። ሁለቱንም እንዲህ አንስተው ፊውዙን እንደተነቀለ ይተዉት። አምፖሎቹ እንደወትሮው ይበራሉ፣ መብራቶቹም አይወርዱም። ጥገናው እስኪያልቅ እንዲህ መንዳት ይችላሉ።

በእጅ ማንሳቱ የጥንት ነገር ነው። ኮርድ 810 የተባለችው እ.ኤ.አ. የ1936 ሞዴል መኪና መብራቷ የሚነሳው ሾፌሩ ዳሽቦርዱ ላይ ያለ እጀታ ሲያዞር ነበር። ለቀኝ አንድ፣ ለግራ አንድ እጀታ ነበራት።

አንድ ነገር አደራ። ፊውዙ ሳይነቀል እጅዎን መብራቱ ከፍ ዝቅ ወደሚልበት ማጠፊያ አያስገቡ። ግማሽ ላይ ቆሞ የሚቀር መብራት ከምንም ተነስቶ ሊንቀሳቀስ ይችላል። ብረቱ ለጣት አይራራም።

አሁን ወደ ምክንያቱ። በእርስዎ መኪና ፊውዙም ሪሌዩም (በኤሌክትሪክ የሚሠራው ማብሪያ ማጥፊያ) ማብሪያውም ለሁለቱም መብራቶች የጋራ ናቸው። ግራው ደህና ከሆነ እነዚህን መጠርጠር ጊዜ ማባከን ነው። ሁለቱም ባይነሱ ኖሮ የምጀምረው ከእነሱ ነበር። አንዱ ብቻ ሲታመም ግን ችግሩ እዚያው ጎን ላይ ነው፦ ሶኬቱ፣ ግራውንዱ (ኤሌክትሪኩ በመኪናዋ አካል በኩል ወደ ባትሪው የሚመለስበት ሽቦ)፣ ማጠፊያው ወይም ሞተሩ ራሱ።

የሞተሩ አሠራር ቀላል ነው። ወደፊትና ወደኋላ አይዞርም፤ ሁልጊዜ ወደ አንድ አቅጣጫ ነው የሚዞረው። ጫፉ ላይ ያለው ክንድ ግማሽ ዙር ሲሄድ መብራቱ ይነሳል፣ ቀሪውን ግማሽ ሲጨርስ ይወርዳል። ውስጡ አብሮ የሚዞር የመዳብ ሰሌዳ አለ። ሰሌዳው ላይ መዳብ የሌለበት ክፍተት ተትቷል። ኤሌክትሪክ የሚያቀብሉት ምላሶች ክፍተቱ ላይ ሲደርሱ ኃይል ይቋረጣል፣ ሞተሩም ይቆማል። ክፍተቱ በእርጥብ ቆሻሻና በመዳብ ብናኝ ከተሞላ ኤሌክትሪኩ ተሻግሮ ያልፋል። ሞተሩ «ደርሰሃል፣ ቁም» የሚለው ያጣል፤ እንደሚያንቀላፋ ሰው ራሱን እየነቀነቀ ይቀጥላል። በዝናብ ማግስት መጀመሩን ሲጽፉልኝ ሐሳቤ ቀጥታ ወደዚህ የሄደው ለዚህ ነው። ውሃ ገብቶበታል።

መዘግየቱ ግን ከዝናቡ በፊት የነበረ ነው። ስለዚህ ሁለት ችግር ሊኖር ይችላል፤ አንዱን ጠግነው ሌላውን ከተዉት ከወር በኋላ እንደገና ይጽፉልኛል።

ለመዘግየት መጀመሪያ የምጠረጥረው ግራውንድን ነው። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳተው በአለካክ ነው። ሶኬቱን ነቅለው በቴስተር ይለኩና 12 ቮልት ሲያዩ «ኃይል አለ፣ እንግዲህ ሞተሩ ነው» ይላሉ። ቴስተር የሚስበው ኤሌክትሪክ ከምንም አይቆጠርም። ሽቦው ተበልቶ አንድ ክር ብቻ ቢቀረው እንኳ 12 ቮልት ያሳያል። ሞተሩ ሊስብበት ሲል ነው ጉዱ የሚወጣው። ስለዚህ ሶኬቱ እንደተሰካ፣ ሞተሩ እየሠራ ይለኩ።

እንዲህ ያድርጉ። ፊውዙን ይመልሱና ባትሪው ጤነኛ መሆኑን ያረጋግጡ። መኪናዋ ጠፍታ ካረፈች በኋላ 12.6 ቮልት አካባቢ ማሳየት አለበት። የቴስተሩን ጥቁር ሽቦ የባትሪው ኔጌቲቭ ላይ፣ ቀዩን ሶኬቱ ጀርባ ላይ ባለው የሞተሩ የግራውንድ ሽቦ ላይ ያስነኩ። ሌላ ሰው ውስጥ ተቀምጦ አምፖሉን ሳያበራ መብራቱን የሚያነሳውን ቁልፍ ይጫንልዎ። ሞተሩ እየዞረ ሳለ ቁጥሩን ያንብቡ። 0.1 ወይም 0.2 ቮልት ከሆነ ግራውንዱ ደህና ነው። ግማሽ ቮልትና ከዚያ በላይ ከሆነ ሌባውን አገኙት። ጉዞው አጭር ስለሆነ ሁለት ሦስት ጊዜ ይደጋግሙት።

ይህን የምለው ዋጋ ከፍዬበት ነው። ከዓመታት በፊት የአንድ ደንበኛን ሞተር ለወጥኩ። መብራቱ ለጥቂት ቀን ደህና ሆነ፣ ከዚያ እንደገና መንቀርፈፍ ጀመረ። የግራውንዱን ቡሎን ስፈታው ሥሩ ያለው ብረት በዝገትና በቀለም ተሸፍኖ ነበር። ጠርጌ መልሼ ሳስረው መብራቱ ዘሎ ተነሳ። አሮጌውን ሞተር መልሼ ብሞክረው እሱም ሠራ። የሰውየውን ገንዘብ መለስኩለት። ከዚያ ወዲህ በዚህ መንገድ ሳልለካ ሞተር አልቀየርኩም።

ግራውንዱ መጥፎ ከሆነ ቡሎኑን ይፍቱ፣ የሽቦውን ጫፍና የአካሉን ብረት በሽቦ ብሩሽ እስኪያብለጨልጭ ይጥረጉ፣ አጥብቀው ይሰሩት፣ ላዩን ዝገት እንዳይዘው ስስ ግሪስ ይቀቡት። ሶኬቱን ሲነቅሉ አረንጓዴ ነገር ካዩ በኮንታክት ማጽጃ ስፕሬይ ያጽዱት። ሴቴዎቹ ፒኖች ላልተው ከሆነ በቀጭን መርፌ ትንሽ ያጥብቧቸው።

ቀጥሎ ማጠፊያው። ፊውዙን እንደገና ይንቀሉ። የሞተሩን ክንድ ከመብራቱ ጋር የሚያያይዘውን ዘንግ ፈትተው መብራቱን በእጅዎ ከፍ ዝቅ ያድርጉት። በአንድ እጅ ሳይንቋቋ፣ ሳይያዝ መሄድ አለበት። ከከበደ መገጣጠሚያዎቹ ላይ የደረቀው ግሪስ እንደ ሙጫ ሆኗል ማለት ነው። አጥበው አዲስ ግሪስ ያድርጉ። የዝገት ማላቀቂያ ስፕሬይ ነፍተው ብቻ አይተዉት። እሱ ያላቅቃል እንጂ ቦታው ላይ አይቆይም፤ የቀረውን ግሪስም ያጥበዋል።

ግራውንዱ ደህና፣ ማጠፊያው ቀላል ሆኖ መብራቱ አሁንም ከዘገየ ሞተሩ መከፈት አለበት። በእርስዎ ሁኔታ በዝናቡ ምክንያት ለማንኛውም መከፈቱ አይቀርም።

ክንዱን ከሞተሩ ከመፍታትዎ በፊት አቀማመጡን በማይለቅ ማርከር ምልክት ያድርጉበት። ፎቶም ያንሱ። ክንዱ በተሳሳተ ቦታ ከተመለሰ መብራቱ ሳይነሳ ይቆማል ወይም ኮፈኑ ደረጃ ላይ አይገጥምም፤ ሰውም የሌለ ብልሽት ሲፈልግ ይውላል። ሞተሩን ያውርዱ፣ ክዳኑን ይክፈቱ። ምናልባት የጠቆረ ግሪስ፣ ውሃ፣ አረንጓዴ የሆነ መዳብ ይጠብቅዎታል። አሮጌውን ግሪስ በጨርቅ ጠርገው ያውጡ። የመዳብ ሰሌዳውንና ምላሶቹን በኮንታክት ማጽጃ ያጽዱ። ክፍተቱን በተለይ በጥንቃቄ ያጽዱት፣ የበሽታዎ ሥር እሱ ነው። ብርጭቆ ወረቀት መጠቀም ግድ ከሆነ በጣም ለስላሳውን ይምረጡና በስሱ ይሂዱ፤ መዳቡ ቀጭን ነው። ምላሶቹ ሰሌዳውን በደንብ የማይጫኑ ከሆነ ጥቂት ጎንበስ ያድርጓቸው።

ካርቦኖቹንም፣ ማለትም ለሚዞረው የሞተሩ ክፍል ኤሌክትሪክ የሚያቀብሉትን ትንንሽ ቁርጥራጮች፣ ይመልከቱ። አልቀው ስፕሪንጋቸው እየገፋ ካልሆነ ግማሽ ላይ የሚቆምበት ምክንያት ይኸው ሊሆን ይችላል። የሞተሩ ጥርሶች አዲስ ግሪስ ይፈልጋሉ፣ ሰሌዳው ግን አይፈልግም። እዚያ ላይ ግሪስ መለጠፍ ችግሩን መልሶ መጥራት ነው።

ከመዝጋትዎ በፊት ውሃው የት እንደገባ ይወቁ። የክዳኑ ማሸጊያ ደርቆ ይሆናል። ወይም እጀታዋን የሚሸፍነው የጎማ ቆብ ተቀዷል፣ አለዚያም አንድ ሰው አውልቆ ሳይመልሰው ቀርቷል። ይህን ካልዘጉ ቀጣዩ ዝናብ ሥራዎን ሁሉ ያፈርሰዋል።

መልሰው ሲገጥሙ መብራቱን ብዙ ጊዜ ያንሱ ያውርዱት። ግራና ቀኙ አብረው መድረስ አለባቸው። በዚያው ወደ አምፖሉ የሚሄዱትን ሽቦዎች ይዩልኝ። እነዚህ መብራቱ በተነሳና በወረደ ቁጥር አብረው ይታጠፋሉ። ከሠላሳ ዓመት በላይ የታጠፈ ሽቦ ቆዳው ይሰነጠቃል፣ ውስጡም ይበጠሳል። መብራቱ ተነስቶ አምፖሉ ብልጭ ድርግም የሚል ከሆነ ጥፋተኛው ብዙ ጊዜ እሱ ነው። በመጨረሻ ማታ ግድግዳ ፊት ቆመው ብርሃኑን ከግራው ጋር ያስተያዩ። ከፊት የሚመጣውን ሾፌር ዓይን የሚወጋ ከሆነ ያስተካክሉት።

ሌላ መኪና ይዞ ይህን የሚያነብ ካለ፦ ሞተሩ ሲጮህ እየተሰማ መብራቱ ካልተነቃነቀ ኤሌክትሪኩን ይተውት። የፕላስቲክ ጥርሱ ተበልቷል። እ.ኤ.አ. እስከ 2004 በተመረተችው አምስተኛዋ የሸቭሮሌት ኮርቬት ትውልድ ላይ የታወቀ ችግር ነው፤ ጥርሱን ብቻ መቀየር ይቻላል። እ.ኤ.አ. ከ1968 እስከ 1982 የነበረችው ኮርቬት ደግሞ መብራቷን የምታነሳው በመኪናዋ ዋና ሞተር የአየር መሳብ ኃይል ነው። እዚያ የሚፈለገው የተሰነጠቀ የጎማ ቱቦ ነው።

ወደ እርስዎ ልመለስ። ይህን ሁሉ አድርገው መብራቱ አሁንም መቆሚያውን ካጣ የመዳብ ሰሌዳው ራሱ ተበልቷል። ያኔ ሞተር ይግዙ፣ መካኒኩም ልክ ነበር። ሲገዙ የቀኙና የግራው አንድ ላይሆን ስለሚችል አሮጌው ላይ ያለውን ቁጥር ይዘው ይሂዱ። ያገለገለ ከሆነ ከመክፈልዎ በፊት ክዳኑን ከፍተው ውስጡን ይዩ። አሮጌውንም አይጣሉት፤ ጥርሱና ካርቦኑ ለግራው ሊጠቅም ይችላል።