ላሟ የተጠየፈችው ፋጉሎ

ጥያቄ፦ በሱሉልታ አካባቢ አራት የሚታለቡ ላሞች አሉኝ። ከፍልሰታ ወዲህ ወተታቸው ቀንሷል፤ ሁለቱ መኖ ይተዋሉ፣ አንዷን ደግሞ ያስቀምጣታል። መርፌ አስወግቻቸው ለውጥ አላየሁም። ቫይታሚን ልግዛላቸው?

መልስ፦ ቫይታሚኑን ለጊዜው ይተዉት። ከደብዳቤዎ ውስጥ ፍንጭ የሰጠኝ «ከፍልሰታ ወዲህ» ያሉት ነው። በአካባቢዎ ደጋግሜ እንዳየሁት፣ አርቢው ፋጉሎ (የቅባት እህል ዘይቱ ከተጨመቀ በኋላ የሚተርፈውን መኖ) በሰኔ ወይም በሐምሌ በብዛት ይገዛና፣ ጾሙ ገብቶ ወተት ፈላጊ ሲያጣ ለላሞቹ የሚሰጠውን ይቀንሳል፤ ጆንያው ግን እርጥብ ወለል ላይ ግድግዳ ተደግፎ ይከርማል። ጾሙ ሲፈታ ያው ፋጉሎ እንደገና በብዛት ይቀርባል። ስለዚህ አስቀድሜ የምጠረጥረው የሻገተ መኖን ነው። ጡቷ ያበጠ ወይም የሚያተኩሳት ላም ካለች ግን ነገሩ ሌላ ሊሆን ስለሚችል ሳይውል ሳያድር የእንስሳት ሐኪም ይያት።

አንዳንዱ ሻጋታ አፍላቶክሲን የተባለ መርዝ ያመነጫል። ይህ መርዝ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1960 በእንግሊዝ ከ100,000 በላይ የቱርክ ዶሮዎች ካለቁ በኋላ ሲሆን፣ ምክንያቱ ሲፈለግ የተገኘውም በመኗቸው ውስጥ በነበረ የኦቾሎኒ ፋጉሎ ነው። የእኛም ጉዳይ ከዚህ የራቀ አይደለም። በአዲስ አበባና በዙሪያዋ የተሰበሰቡ ናሙናዎች ተመርምረው እ.ኤ.አ. በ2016 በታተመ ጥናት፣ ከ110 የወተት ናሙናዎች መርዙ በሊትር ከ0.05 ማይክሮግራም ያልበለጠባቸው 9 ብቻ ነበሩ፤ ከመኖዎቹም በከፍተኛ መጠን የተበከለው የኑግ ፋጉሎ ሆኖ ተገኝቷል። ወተቱን ማፍላት መርዙን አያጠፋውም።

መፍትሔው ከአንድ ቫይታሚን ዋጋ አይበልጥም። ከአሮጌ ጣውላ ወይም ከባሕር ዛፍ አጠና ከመሬት አንድ ስንዝር ከፍ ያለ ርብራብ ይሥሩና፣ ጆንያዎቹን ከግድግዳው አንድ ክንድ ያህል አርቀው፣ በመካከላቸው ነፋስ እንዲገባ አድርገው ይደርድሩበት። ከጣሪያው ውኃ የሚያንጠባጥብበት ቦታ እንዳለ አስቀድመው ይዩ። በየሦስት ቀኑ እጅዎን እስከ ክንድዎ ወደ ጆንያው ውስጥ ያስገቡ፤ ውስጡ ከሞቀ መኖው እየተበላሸ ነው። በክረምት ከሁለት ሳምንት የሚበልጥ ፋጉሎ አይግዙ፤ በጅምላ ሲገዙ ያተረፉት ገንዘብ በወተቱ በኩል ይወጣል። በሚገዙበትም ጊዜ ከላይ ያለውን ብቻ ሳይሆን ከጆንያው መሐል አስወጥተው ያሽትቱ፤ የተጋገረውን ወይም የሻጋታ ሽታ ያለውን አይቀበሉ።

እዚህ ላይ አይቀየሙኝ፤ የሻገተውን ፋጉሎ ከፉርሽካና ከአተላ ጋር አደባልቆ፣ ጨውም ጨምሮ ላሟን ማታለል በየግቢው የማየው ልማድ ነው። ላሟ የተጠየፈችው ያለ ምክንያት አይደለም። ፀሐይ ላይ ማስጣትም ሽታውን ቢቀንስ እንጂ የተፈጠረውን መርዝ አያስወግድም። የሻገተውን ለደረቀች ላምም ሆነ ለዶሮ ሳይሰጡ ይቅበሩት፤ ዶሮ ከላም ይልቅ በዚህ መርዝ ትጎዳለች።

አሁን ያለውን ፋጉሎ ከዛሬ ጀምረው ያቁሙና ላሞቹን በደረቅ ድርቆሽና ባልሻገተ ፉርሽካ ያቆዩ። መርዙ ከወተቱ ውስጥ በጥቂት ቀናት ይቀንሳል። የመብላት ፍላጎታቸው በአንድ ሳምንት ካልተመለሰ ግን፣ ሌላ መርፌ ከማስወጋትዎ በፊት ሐኪሙ ዐይነ ምድራቸውን እንዲመረምር ይጠይቁት።