«ሲያድግ ይስተካከላል» ላሏት የድሬዳዋ ሳቢያን ሰፈር እናት

እህቴ፣ ልጅሽ ሁለት ዓመት ሊሞላው ነው፣ ገና አልተቀመጠም፣ እግሩ ግትር ነው፣ ቢሮ ስትሄጂ «ሲያድግ ይስተካከላል» ብለው መለሱሽ። ምን መብት አለኝ ብለሽ ጠየቅሽ። የኔም ልጅ እንደዚያው ነበረች። እኔም የድሬ ልጅ ነኝ፣ የምነግርሽ ያለፍኩበትን ነው።

1. ጊዜ አትስጫቸው። ሴሬብራል ፓልሲ ከሆነ (አእምሮ ላይ በደረሰ ጉዳት እንቅስቃሴ የሚታወክበት ችግር ነው) ጉዳቱ ራሱ አይጠፋም። ግን የሕፃን አእምሮ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ቶሎ ይማራል። ያልተንቀሳቀሰ ጡንቻ ደግሞ እያጠረ ይሄዳል። «ሲያድግ» የሚልሽ ሰው ወይ አያውቅም፣ ወይ ሊገላገልሽ ፈልጓል።

2. ሕጉን ይዘሽ ሂጂ። ኢትዮጵያ የተባበሩት መንግሥታትን የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት በአዋጅ ቁጥር 676/2002 አጽድቃለች። የስምምነቱ አንቀጽ 25 ጉዳትን በጊዜ መለየትና በጊዜ መደገፍ ይላል፣ ሕፃናትንም ይጠቅሳል። ሕገ መንግሥቱ ደግሞ አንቀጽ 9(4) ላይ የጸደቀ ስምምነት የአገሪቱ ሕግ አካል ነው ይላል። አንቀጽ 41(5)ም ለአካል ጉዳተኞች ማቋቋሚያና ድጋፍ መንግሥት አቅሙ በፈቀደ መጠን እንዲመድብ ያዛል። «አቅም» የምትለዋን ይዘው በጀት የለም ይሉሻል። ይበሉ፣ ግን ይጻፉልሽ።

3. ይህ የጽሑፍ ነገር ነው ዋናው። ስሙን የማልጠራው አንድ ቢሮ ልጄን አዝዬ በዚያ ፀሐይ ሄድኩ። መስኮቱ ጋ ያለው ሰውዬ ቀና ብሎ ሳያየን «እነዚህ ልጆች አይድኑም፣ ምን ያደክምሻል» አለኝ። ወረፋ ሙሉ ሰው ፊት! ልጄ ትሰማለች እኮ። የታመመው እግሯ ነው፣ ጆሮዋ ደህና ነው። ቀጥሎ «ኃላፊው ስብሰባ ናቸው፣ ሳምንት ነይ» አለኝ። ሳምንቱም ያው ሆነ። እስከ ዛሬ ሳስበው ያንገበግበኛል።

ከዚያ ማመልከቻ በሁለት ቅጂ ጻፍኩ። የልጄን ስምና ዕድሜ፣ ሐኪሙ ያለውን፣ ወደ ፊዚዮቴራፒ ሪፈር እንዲጽፉልኝ፣ ካልሆነም ምክንያቱን በደብዳቤ እንዲያሳውቁኝ። መዝገብ ቤት ገቢ አስደረግኩት። የመዝገብ ቤቷ ሠራተኛ «ያንቺ ቅጂ ላይ አያስፈልግም» አለች። ቁጥር፣ ቀንና ማህተም እስክታደርግልኝ ንቅንቅ አላልኩም። ቁጥር ካለው ወረቀትሽ አልደረሰንም ማለት አይችሉም። ያኔ ኃላፊው ራሱ አስጠርቶ ወንበር ሰጠኝ፣ ሪፈሩም ተጻፈ። ዝም ካሉሽ የሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም ሂጂ። ድሬም ቅርንጫፍ አለው፣ አቤቱታ ለማስገባት ክፍያ የለውም።

ሕክምናው ሲጀመር አንቺም አብረሽ ግቢ። «ውጭ ጠብቂ» ካሉሽ እናቱ ነኝ በይ። እኔ ጋ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያዋ ልጄን ጭኔ ላይ እግሯን አንፈራጣ አስቀመጠቻት። ብብቷን ሳይሆን ዳሌዋን እንድይዝ እጄን ይዛ አሳየችኝ። ሁሌ እንደ መቀስ የሚጠላለፈው እግሯ ተላቀቀ፣ አንገቷንም ቀና አደረገች። ቤት ውስጥ ምሳ ሳበላት፣ ስናወራ፣ ሁሌም እንደዚያ ነበር የምይዛት። ባለሙያ የሚያያት ጥቂት ደቂቃ ነው፣ ቀኑን ሙሉ ያለነው እኛ ነን።

አሜሪካ ያለችው እህቴ እንደነገረችኝ እዚያ ከሦስት ዓመት በታች ያለ ሕፃን ችግር ሳይኖርበት አይቀርም ተብሎ ሲጠቆም በ45 ቀን ውስጥ ተመርምሮ፣ ከቤተሰቡ ጋር ተቀምጠው የጽሑፍ ዕቅድ መነጋገር አለባቸው። ወላጅ ሳይፈቅድ ምርመራው አይጀመርም። እኔም ያንን ሰምቼ ባለሙያዋን «የሦስት ወር ዕቅድ ጻፊልኝ» አልኳት። ደስ ብሏት ጻፈችልኝ። ማንም ጠይቋት አያውቅም ነበር።

ልጄ ዛሬ አምስት ዓመቷ ነው። የሰፈራችን አናጢ በሠራላት ወንበር ተቀምጣ በራሷ እጅ ትበላለች። «አይድኑም» ያለኝ ሰውዬ ቢያያት ደስ ይለኛል።

ነገ ስትሄጂ የሐኪሙን ወረቀት ኦሪጅናል እንዳትሰጫቸው፣ ኮፒ ብቻ። ማመልከቻውን መጻፍ ከከበደሽ በውስጥ መስመር አናግሪኝ፣ የኔን ፎቶ አንስቼ እልክልሻለሁ።