ኩዊን፣ ላይቭ ኤይድና ያቺ አጭር ዘፈን፦ ጥያቄዎቻችሁ

ለኢትዮጵያ ረሃብ ገንዘብ ለማሰባሰብ ስለተዘጋጀው የላይቭ ኤይድ ኮንሰርት ከጻፍኩ ወዲህ ብዙ ጥያቄ የመጣልኝ ስለ ታዋቂዎቹ ዘፈኖች አይደለም። ስለ እንግሊዙ የሮክ ባንድ ስለ ኩዊን «ኢዝ ዚስ ዘ ወርልድ ዊ ክሪኤትድ» ነው። ደስ ብሎኛል።

ጥያቄ፦ ዘፈኑ የተጻፈው ለእኛ ረሃብ ነው ሲባል እሰማለሁ። እውነት ነው?

መልስ፦ አይደለም፤ ቀኑ አይገጥምም። ዘፈኑ ያለበት «ዘ ወርክስ» አልበም የወጣው በየካቲት 1976 ዓ.ም. ነው። የቢቢሲው ማይክል በርክ ከኮረም ያቀረበው ዘገባ የተላለፈው ደግሞ ጥቅምት 13 ቀን 1977 ዓ.ም.፣ ስምንት ወር ያህል ቆይቶ ነው። (ረሃቡማ ቀድሞ ገብቷል። የዘገየው ዓለም ነው።) የባንዱ ድምፃዊ ፍሬዲ መርኩሪና ጊታሪስቱ ብራያን ሜይ የጻፉት በጥቅሉ ስለ ድህነትና ስለተራቡ ሰዎች ነው። ግጥሙ የማንንም አገር ስም አይጠራም። ኋላ ላይ ለእኛ የተገጠመ የመሰለው ለዚህ ይመስለኛል።

ጥያቄ፦ ስለ ኩዊን በተሠራው «ቦሄሚያን ራፕሶዲ» ፊልም ላይ ዘፈኑ ለምን የለም?

መልስ፦ ፊልሙ የሚያሳየው ባንዱ በላይቭ ኤይድ አመሻሽ ላይ ያቀረበውን ነው፤ ያም ተቆርጦ። ይቺ ዘፈን የመጣችው ከዚያ ሦስት ሰዓት ገደማ ቆይታ ነው። ሐምሌ 6 ቀን 1977 ዓ.ም.፣ ዌምብሌይ ስታዲየም መሽቷል። መርኩሪና ሜይ ብቻ ተመልሰው ወጡ። ድራም የለ፣ ቤዝ የለ። አንድ ጊታር፣ አንድ ድምፅ፣ ፊት ለፊት ከ70 ሺህ በላይ ሰው። ያንን ሁሉ ሕዝብ በጭብጨባ ያስጨፈረ ሰው ያን ያህል ዝግ ብሎ ሲዘፍን ማየት ሌላ ነገር ነው። እኔ ከአመሻሹ ሃያ ደቂቃ ይልቅ ይህችን እመርጣለሁ። የሚቆጣ ይቆጣ።

ጥያቄ፦ ቤዝ ተጫዋቹ ጆን ዲከንና ድራመሩ ሮጀር ቴይለርስ?

መልስ፦ እዚህ ዘፈን ላይ የሉበትም፤ አልበሙም ላይ።

ጥያቄ፦ የትኛውን ቅጂ ልስማ?

መልስ፦ መጀመሪያ የአልበሙን፤ ሁለት ደቂቃ ቢሆን ነው። ከዚያ በሐምሌ 1978 ዓ.ም. ዌምብሌይ ላይ የተቀዳውን ኮንሰርት ስሚ። እዚያ ከ«ላቭ ኦፍ ማይ ላይፍ» ቀጥሎ ይመጣል። የፊተኛውን ሕዝቡ ራሱ ይዘፍነዋል። ይሄኛው ሲጀምር ግን ማዳመጥ ነው።

ጥያቄ፦ ጊታር ለማጅ ነኝ። በእሱ ልጀምር?

መልስ፦ ትንሽ ቆይ። ክሩ በጣት እየተለቀመ ነው የሚጫወተው። ኮርድ ሳትደናቀፍ መቀያየር ስትችል ተመለስበት።