አዮዲን ሲበዛ ከላሟ በፊት ወተቱ ያውቃል

ጥያቄ፦ አምስት የሚታለቡ ላሞች አሉኝ። ለእያንዳንዳቸው በቀን 100 ግራም የማዕድን ድብልቅ እሰጣለሁ። ከረጢቱ ላይ አዮዲን በኪሎ 100 ሚሊ ግራም ይላል። ከሦስት ወር በፊት ሰው መክሮኝ 100 ግራም የባሕር አረም ዱቄት ጨመርኩ፤ እሱ ላይ ደግሞ በኪሎ 600 ሚሊ ግራም ተጽፏል። አሁን ሁለቱ ደረቅ ሳል ይዟቸዋል፣ ዓይናቸውም ያነባል። ጎረቤቴ «አዮዲን በዝቶባቸው ነው» አለኝ። እውነት ነው? ልጆቼስ ወተቱን ይጠጡት?

መልስ፦ ጎረቤትዎ ዝም ብለው አልገመቱም። አዮዲን የበዛባት ላም ዓይኗ ያነባል፣ ከአፍንጫዋ ቀጭን ፈሳሽ ይወርዳል፣ ምራቋ ይዝረበረባል፣ ደረቅ ሳል አይለቃትም። እየቆየ ሲሄድ ቆዳዋ እንደ ፎሮፎር ይላላጣል፣ ፀጉሯ ይረግፋል። መኖ ትቀንሳለች፤ ወተቷም ይወርዳል። ችግሩ ግን ሳልና እንባ የሳንባ በሽታም፣ የአቧራማ ድርቆሽም ምልክት መሆናቸው ነው። ስለዚህ ከመፍረዳችን በፊት ሒሳብ እንሥራ።

ላምዎ በቀን 16 ኪሎ መኖ ትበላለች እንበል፤ ውሃው ሳይቆጠር፣ ደረቁ ብቻ። ለእያንዳንዱ ኪሎ ግማሽ ሚሊ ግራም ገደማ አዮዲን ይበቃታል። በቀን 8 ሚሊ ግራም መሆኑ ነው። የማዕድን ድብልቁ ብቻውን 10 ሚሊ ግራም ይሰጣታል። አለቀ! ከዚያ በላይ የሚጨመር ነገር አልነበረም። የባሕር አረሙ ግን ሌላ 60 ጨመረበት። ድምሩ 70 ሆነ፤ ከሚያስፈልጋት ዘጠኝ እጥፍ ሊሞላ ምንም አልቀረው። የባሕር አረም ደግሞ እንደ ዓይነቱ አዮዲኑ በጣም ይለያያል። አንዱ ከረጢት ልከኛ ቢሆን ቀጣዩ ላይሆን ይችላል። እውነቱን ለመናገር፣ «ተፈጥሯዊ ነው» ተብሎ ብቻ የሚገዛ ነገር እኔን ሁልጊዜ ያሰጋኛል።

ታዲያ ላሞቹ ተመረዙ? ከብት እስከ 50 ሚሊ ግራም በኪሎ መኖ ሊቋቋም ይችላል የሚል የታወቀ ጣሪያ አለ። የእርስዎ 4.4 ገደማ ነው፤ ከጣሪያው በብዙ ይርቃል። ነገር ግን ጣሪያው ላይ ሳይደረስም፣ ብዙ አዮዲን ለወራት ሲበሉ የቆዩ መንጋዎች ምልክት አሳይተው ያውቃሉ። ስለዚህ ነጻ ብዬ አላሰናብተውም፣ ዋናው ጥፋተኛም አልለውም። የእንስሳት ሐኪም መጥቶ ሳንባቸውን ያዳምጥ።

እኔን ከሳሉ ይልቅ ያሳሰበኝ ወተቱ ነው። ላም ትርፍ አዮዲን ስታገኝ አንዱ ማስወጫዋ ጡቷ ነው። በመኖው ላይ ሲጨምር በወተቱም እየጨመረ ይሄዳል። ላሟ ጤነኛ መስላ፣ አንድም ቀን ሳታስል፣ ወተቷ ግን ከልክ በላይ ሊይዝ ይችላል። የአውሮፓ ኅብረት ለወተት ላሞች መኖ 5 ሚሊ ግራም በኪሎ ላይ ገደብ ያስቀመጠው ለላሞቹ ብሎ ሳይሆን ለጠጪው ብሎ ነው። የኅብረቱ የምግብ ደኅንነት ባለሥልጣን እንዲያውም በ2013 ወደ 2 ይውረድ ብሎ መክሯል። ከ1 እስከ 3 ዓመት ያለ ሕፃን በቀን ከ200 ማይክሮ ግራም (ማይክሮ ግራም የሚሊ ግራም አንድ ሺኛ ነው) በላይ አዮዲን ባያገኝ ይመረጣል። አንድ ሊትር ወተት 500 ማይክሮ ግራም ከያዘ፣ ግማሽ ሊትር የጠጣ ልጅ ያንን አልፏል ማለት ነው። ሲበዛም ሲያንስም የሚጎዳው ያው አንገት ላይ ያለው የታይሮይድ ዕጢ ነው።

ያልጠየቁኝ ሌላ በር አለ። ከታለቡ በኋላ ጡታቸውን የሚነክሩበት መድኃኒት አዮዲን አለው? 1 በመቶ ከሆነ አንድ ሚሊ ሊትሩ 10,000 ማይክሮ ግራም ይይዛል። ያቺ አንድ ሚሊ ሊትር 20 ሊትር ወተት ውስጥ ብትገባ በየሊትሩ 500 ትጨምራለች! ነከራውን አይተዉ፤ የጡት በሽታን ይከላከላል። ብቻ በሚቀጥለው አለባ ከመጀመርዎ በፊት ጡቱን በንጹሕ ጨርቅ ጥርግ አድርገው ያድርቁት። ለእያንዳንዷ ላም የተለየ ጨርቅ ይሁን።

የባሕር አረሙን ዛሬውኑ ያቁሙ። ማዕድኑን ግን እንዳይነኩት። ደንግጦ ሁሉንም የሚያቆም ሰው አይቻለሁ፤ አዮዲን ያጣች እርጉዝ ላም እንቅርት ያለው፣ ደካማ፣ አንዳንዴም ፀጉር አልባ ጥጃ ትወልዳለች። የጎመንዘር ፋጉሎ የሚመግቡ ከሆነም ይንገሩኝ። እሱ አዮዲን ወደ ወተት እንዳይገባ ስለሚያግድ ሒሳቡ ይቀየራል። የተረፈውን አረም ለጥጆች አይስጡ፤ እነሱ ከላሞች ይልቅ ቶሎ ይጎዳሉ።

ልጆቹ ወተት አይከልከሉ። አረሙ ከቆመ የወተቱ አዮዲን በቀናት ውስጥ መውረድ ይጀምራል። እስከዚያ ለትንንሾቹ ትንሽ ቀነስ ያድርጉላቸው። ወተት የሚመረምር ቤተ ሙከራ ካገኙ ከሁለት ሳምንት በኋላ ናሙና ይላኩ። የላሞቹ ሳል ያኔም ካልተሻለው ሰበቡ ሌላ ሊሆን ይችላል፤ ሐኪሙን ደግመው ይጥሩት።