ኮንትሮልን «እስኪገባ» መደጋገም ለምን አይጠቅምም

ባልደረባችን የጠየቁት በብዙ ላቦራቶሪዎች የሚታይ ነገር ነው፦ በኬሚስትሪ ማሽን ላይ የጠዋቱ ኮንትሮል (እሴቱ አስቀድሞ የታወቀ የመፈተሻ ናሙና) ከ2 ኤስዲ (ስታንዳርድ ዴቪዬሽን፣ ውጤቶች በተለምዶ ከአማካዩ የሚርቁበት መጠን) ሲወጣ እስኪገባ ድረስ ደጋግሞ አሠርቶ ወደ ሕመምተኞች ናሙና ማለፍ ምን ጉዳት አለው? ይህን ስህተት እኔም ለዓመታት ስለፈጸምሁት በዝርዝር ልመልስ።

ማሽኑ ደህና ሆኖ ሳለ እንኳ ከ20 ውጤቶች አንዱ ያህል በአጋጣሚ ከ2 ኤስዲ ይወጣል፤ ሁለት ደረጃ ኮንትሮል (እሴታቸው የተለያየ ሁለት ናሙናዎች) የሚያሠራ ሰው ደግሞ ከ10 ጠዋት በአንዱ ገደማ በከንቱ ይደነግጣል። መደጋገምን ያስለመደን ይህ ይመስለኛል። ነገር ግን ማሽኑ በእርግጥ በ2 ኤስዲ ያህል ቢዛባም ግማሹ ውጤት ከወሰኑ ውስጥ ይወድቃል፤ ሦስት ጊዜ ከደገሙት ቢያንስ አንዱ የመግባት ዕድሉ ወደ 88 በመቶ ይደርሳል። በመጨረሻ «ገባ» ብለን የምንመዘግበው ቁጥር የሚመሰክረው ለእኛ ትዕግሥት እንጂ ለማሽኑ ጤንነት አይደለም።

ስለዚህ ከመድገም በፊት የሊቪ-ጄኒንግስ ቻርቱን (የየዕለቱ የኮንትሮል ውጤት ከአማካዩና ከኤስዲ መስመሮቹ አንጻር በነጥብ የሚታይበትን ሥዕል) ይመልከቱ። አንድ ነጥብ 3 ኤስዲ ካለፈ፣ ወይም ሁለቱም ደረጃዎች በአንድ ወገን 2 ኤስዲ ካለፉ፣ የሕመምተኞችን ውጤት ይያዙ። በአንድ ወገን መዛባት በአብዛኛው ከካሊብሬሽን (ማሽኑን እሴቱ በታወቀ ካሊብሬተር ከማስተካከል) ወይም ከአዲስ የሪኤጀንት (የመመርመሪያ ኬሚካል) ሎት፣ ማለትም የምርት ዙር፣ ይመጣል፤ አንዱ ወደ ላይ ሌላው ወደ ታች ከተበተነ ደግሞ የአየር አረፋን፣ የናሙና መርፌውንና ያረጀ አምፖልን ይጠርጥሩ።

በአንድ ወቅት የክሬያቲኒን (የኩላሊትን ሥራ የሚያሳይ ምርመራ) ሁለቱም ኮንትሮሎቻችን ከአሥር ቀን በላይ ከአማካዩ በላይ ሲውሉ፣ 2 ኤስዲ ስላላለፉ ብቻ በየዕለቱ ፈርመን አለፍን። አንድ ሐኪም ደውለው የቆዩ ታካሚዎቻቸው ክሬያቲኒን አብሮ ለምን ከፍ እንዳለ ሲጠይቁ ነው የነቃነው፤ የካሊብሬተሩ ሎት ተቀይሮ ሳለ በማሽኑ ውስጥ የቀረው የአሮጌው ሎት እሴት ነበር። ቻርታችን ያልጮኸው በአምራቹ ሰፊ ወሰን ስለሠራንበት ነው። አማካዩንና ኤስዲውን ቢያንስ ከ20 ቀናት የራስ ውጤት ማውጣት ያስፈልጋል።

በማሽኑ ላይ የሚሳበበው ብዙ ጥፋት ግን ከኮንትሮሉ አዘገጃጀት የሚመጣ ነው። ደረቁን ኮንትሮል 5 ሚሊ ሊትር ውሃ ጨምሩበት ሲባል በሲሪንጅ ገምቶ መጨመር፣ ብልቃጡን በኃይል መናጥ፣ በደንብ ሳይሟሟ ማሠራት፤ እነዚህን ሁሉ አይቻለሁ። በትክክለኛ ፒፔት ይለኩ፣ ቀስ ብለው ያዙሩት፣ መመሪያው የሚለውን ደቂቃ ይጠብቁ፣ የተዘጋጀበትን ቀንና ሰዓትም ይጻፉበት።

ምክንያቱን ስንፈልግ እጃችን ወደ ማሽኑ ውስጥ ስለሚገባ ጥንቃቄው እዚህ ላይ ይጠነክራል። አምፖል የሚቀየረው ማሽኑ ጠፍቶ ከቀዘቀዘ በኋላ ነው፤ የጣት ቅባት ዕድሜውን ስለሚያሳጥር መስታወቱ በባዶ እጅ አይነካም። ኮንትሮሉ ከሰው ሴረም የተሠራ ሊሆን ስለሚችል እንደ ሕመምተኛ ናሙና በጓንት ይያዝ። ሶዲየም አዛይድ (እንዳይበላሽ የሚጨመር ኬሚካል) ያለበት ከሆነ በመዳብ ወይም በእርሳስ ቧንቧ ውስጥ ሲጠራቀም ሊፈነዳ የሚችል ውሁድ ስለሚፈጥር ወደ እቃ ማጠቢያው አይድፉት። በረኪናንም ከአሲድ ማጠቢያ ጋር አያገናኙ፤ መርዛማ የክሎሪን ጋዝ ይወጣል።

ምክንያቱ ተገኝቶ ከተስተካከለ በኋላ ኮንትሮሉን እንደገና ያሠሩ፤ ከመጨረሻው ደህና ኮንትሮል ወዲህ ከተሠሩት ናሙናዎች የተወሰኑትን ደግመው ያነጻጽሩ፤ ልዩነቱ ለሕክምና ውሳኔ የሚያሠጋ ከሆነም ውጤቱን ያዘዘውን ሐኪም በዚያው ዕለት ያሳውቁ።