ደሞዜ በ18 ያልቃል፣ እቁብ ልግባ ወይ?

ሰላም እህቴ። መልእክትሽን ሁለቴ አነበብኩት። ከወሎ ዩኒቨርሲቲ በአካውንቲንግ ተመርቀሽ ኮምቦልቻ አንድ ፋብሪካ ጁኒየር አካውንታንት ሆነሽ ከገባሽ ስምንት ወር ሆነሽ፣ ያልተጣራ ደሞዝሽ 9,000 ነው፣ ደሴ ከእናትሽ ጋር እየኖርሽ በየቀኑ ትመላለሻለሽ፣ ወሩ 18 ሲል ኪስሽ ባዶ ነው። አሁን ደሞ የስራ ጓደኞችሽ በወር 2,000 የሚጣልበት እቁብ ግቢ እያሉሽ ነው፣ ልግባ ወይስ ደሞዝ እስኪጨመር ቁጠባ የሚባለውን ልርሳው ነው ያልሽው። አብሽሪ፣ መጀመሪያ ሒሳቡን እንስራው። የሰው ሒሳብ ስንሰራ ውለን የራሳችንን የማንሰራ ብዙ ነን፣ እኔም አለሁበት።

ከ9,000 ላይ በ2017 በተሻሻለው የገቢ ግብር አዋጅ የመጀመሪያው 2,000 ነጻ ነው፣ የቀረው በየደረጃው ተሰልቶ ግብርሽ 1,400 ይመጣል፣ ጡረታ 7 ፐርሰንት 630፣ እጅሽ ላይ የሚደርሰው 6,970 ነው። አንቺ በጻፍሽልኝ መሰረት ባጃጅና ሚኒባስ ደርሶ መልስ 130 ብር፣ በወር 26 ቀን ሲባል 3,380። ምሳ በቀን 80፣ ያው 2,080። ለእናትሽ 1,000። ተደምሮ ሲቀነስ የሚተርፍሽ 510 ብር ነው፣ ከዛም ካርድ አለ ጸጉር አለ የመስሪያ ቤት መዋጮ አለ። ስለዚ የ2,000 እቁብ ከየት ልትጥይው ነው? የመጀመሪያውን ወር ተበድረሽ ትጥያለሽ፣ ሁለተኛው ወር ላይ ብድሩና እቁቡ አንድ ላይ ይመጡብሻል። እንቢ በያቸው፣ ጓደኝነታችሁ በዚህ አይፈርስም።

ብዙ ሰው ኮምቦልቻ ቤት ተከራዪ ይልሻል፣ የታክሲው ብር ያበሳጫላ። እኔም መጀመሪያ እንደዛ ልልሽ ነበር። ግን ያቺ አብራኝ ትከራያለች ያልሽኝ ልጅ ጋር ስትካፈሉ 1,750 ነው የሚደርስሽ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ወደ ደሴ ስትመጪ በወር 520፣ ድምሩ 2,270። ከአሁኑ መንገድ 1,110 ቀነሰ ማለት ነው፣ ደስ ይላል፣ ግን አሁን እናትሽ ቤት በነጻ የምትበይው እራት አለ። በ60 ብር ብናስበው እንኳን ለ24 ማታ 1,440 ነው፣ ቁርሱን ሳንቆጥር፣ ፍራሽና ምድጃ ሳንገዛ። ስለዚ ቤት መከራየቱ ነጻነት ይሰጥሽ ይሆናል እንጂ ብር አያተርፍልሽም። ጠዋት ደሴና ኮምቦልቻ መሀል ባለው ሐረጎ ተራራ ላይ ጉም ውስጥ ሚኒባስ ታጭቆ መውረዱ እንደሚያሰለች አውቃለሁ፣ እኔም ሁለት አመት ወርጄዋለሁ፣ ግን ለጊዜው ከእናትሽ ቤት አትውጪ።

ብሩ ያለው ምሳው ላይ ነው። ምሳ ዕቃ። እየሳቅሽ እንዳይሆን፣ ስራ ስትጀምሪ ምሳ ዕቃ ይዞ መግባት የሚያሳፍር እንደሚመስል ይገባኛል፣ ሁሉም ተነስቶ ካፌ ሲሄድ አንቺ ብቻሽን ቢሮ ክዳን ስትከፍቺ፣ ሽሮው ደሞ ጠረኑ ኮሪደሩን ሲሞላው። ግን በሳምንት አራቱን ቀን ይዘሽ ሁለቱን ቀን ከነሱ ጋር ብትወጪ በወር 17 ቀን ያህል ትይዣለሽ፣ 1,360 ብር ይቀራል። ከሱ ላይ 300ውን ለእናትሽ ለአስቤዛ ጨምሪላት፣ ምክንያቱም ጤፉ ከሰማይ አይወርድም። 1,060 ቀረሽ። 1,000ውን ደሞዝ በገባ ቀን፣ በዛው ቀን፣ ሌላ ባንክ ወደ ከፈትሽው ደብተር አዙሪው፣ ስልክሽ ላይ አፑ የሌለበት ባንክ ቢሆን ይሻላል። ወለድ የማትፈልጊ ከሆነ ከወለድ ነጻ አካውንት ደሴም ኮምቦልቻም አለ። በወሩ መጨረሻ የተረፈውን አስቀምጣለሁ ካልሽ ግን እርሺው፣ አይተርፍም።

እቁብን እየጠላሁ እንዳይመስልሽ፣ የመጀመሪያ ላፕቶፔን የገዛሁት በእቁብ ነው። ግን ጥቅምት 2014 በጦርነቱ ከደሴ ስንወጣ የ20 ሰው እቁብ ውስጥ ነበርኩ፣ ዕጣዬ ገና አልወጣም፣ ሰዉ ተበተነ፣ ዳኛው የት እንዳለ እንኳን ለማወቅ ወራት ፈጀ፣ ቀድመው ከበሉት ውስጥ መልሰው የጣሉ አሉ ያልጣሉም አሉ፣ በእነሱም አልፈርድም ሁሉም ቤቱ ተዘርፎ ነበር። ባንክ የነበረችኝን ትንሽ ብር ግን አዲስ አበባ ያገኘሁት ቅርንጫፍ ገብቼ አወጣሁ፣ ያቺ ናት ሁለት ወር ያኖረችን። ስለዚ መጀመሪያ ባንክ ላይ ቢያንስ እጅሽ የሚደርሰውን የአንድ ወር ደሞዝ ያህል፣ 7,000 ገደማ፣ ይኑርሽ፣ ከዛ በኋላ በ500 ብር አካባቢ የምታውቂያቸው ሰዎች እቁብ ካገኘሽ ግቢ።

የመጀመሪያዋ 7,000 ለምን እንደሆነች ልንገርሽ። አንድ ያማከርኩት ልጅ አዲስ አበባ ለጽሁፍ ፈተና ሐሙስ ተደውሎለት ለሰኞ ድረስ ተባለ። 400 ኪሎ ሜትር ነው፣ መሳፈሪያና የሁለት ቀን ማደሪያ ሲበደር ሰኞ አለፈ። ደሞ ስራ ልልቀቅ ስትይ የ30 ቀን ቅድመ ማስታወቂያ መስጠት አለብሽ፣ አዲሱ መስሪያ ቤት የመጀመሪያ ደሞዝሽን እስኪከፍል በመሀል ክፍተት ይኖራል። ባዶ ኪስ ያለው ሰው ያገኘውን ስራ እሺ ይላል፣ አለቃው ሲጮህበትም ዝም ይላል።

ከ7,000 በኋላ ያለውን ግን ባንክ አታክርሚው። የቁጠባ ወለድ ዝቅተኛው 7 ፐርሰንት ነው፣ ገበያው በስንት እንደሚጨምር እናትሽን ጠይቂያት። በሁለተኛው አመት የሚጠራቀመውን ፒችትሪ (የሒሳብ መያዣ ሶፍትዌሩን) በደንብ ካልቻልሽ ፒችትሪ ስልጠና ላይ፣ ከቻልሽ አይኤፍአርኤስ (ዓለም አቀፉ የሒሳብ ሪፖርት ደረጃ) እና ኤክሴል ስልጠና ላይ አውጪው። አንቺን ከጁኒየር ወንበር የሚያነሳሽ እሱ ነው። ከ9,000 ወደ 14,000 ብታድጊ ግብሩና ጡረታው ተቆርጦ እጅሽ የሚጨምረው 3,200 ነው (ሙሉ 5,000 እንዳይመስልሽ፣ ብዙ ሰው ስራ ሲቀይር እዚህ ላይ ይሳሳታል)፣ እሱ ራሱ የሶስት ወር ምሳ ዕቃ ነው።

ሁለት ነገር ሰው ሀብት ክፍል ሄደሽ ጠይቂልኝ። አንደኛ ጡረታሽ በትክክል እየገባ ነው ወይ፣ ካንቺ 630 ከነሱ 11 ፐርሰንት 990 ነው፣ የጡረታ መለያ ቁጥርሽንም ጽፈሽ ያዢው ምክንያቱም ስራ ብትቀይሪ አገልግሎትሽ የሚቀጥለው በሱ ነው። አንዳንድ ቦታ ከሰራተኛው ቆርጠው ሳያስገቡ ይከርማሉ፣ እኔ አንድ መስሪያ ቤት ለቅቄ ስወጣ ነው የሰባት ወር እንዳልገባልኝ ያወቅኩት፣ ለማስተካከል አመት ተመላለስኩ። ሁለተኛ ከደሴ የሚነሳ ሰርቪስ አላቸው ወይ፣ ለሺፍት ሰራተኛ ብቻ ነው ቢሉሽም ባዶ ወንበር ካለ አስፈቅደሽ መሳፈር ይቻል እንደሆነ ጠይቂ። ሰርቪስ ከተገኘ ያ 3,380 አብዛኛው ይቀራል፣ ያኔ እቁቡን ጨምሮ ሒሳቡን ከላይ ጀምረን እንደገና እንሰራዋለን፣ መልሱን ጻፊልኝ።